በ56 ዓመቴ ሥራ አቁሜ ፒትስበርግ ብገባስ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ዕድሜዬ 56 ነው፤ አሜሪካ የገባሁት በ28 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ታክሲ ነዳሁ፣ አሁን ሆስፒታል ጥገና ክፍል ነኝ። ጉልበቴ አስቸገረኝ። እዚህ ያለውን ቤት ሸጠን ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ፒትስበርግ፣ ያለ ብድር መግዛት እንችላለን። ልጃችን ዋሽንግተን ዲሲ ናት፤ ከፒትስበርግ በመኪና 4 ሰዓት ገደማ ነው። 401ኬ የሚሉት፣ ከደመወዝ እየተቆረጠ የሚጠራቀም የጡረታ ገንዘብ አለኝ። ባለቤቴ 52 ዓመቷ ነው፣ እሷም ሆስፒታል ትሠራለች። ያላሰብኩት ነገር ካለ ንገሩኝ።

የሸገር ልጅ፦
ጋሼ፣ ከቤቱ በፊት የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥቱ ጡረታ) መዝገብዎን ኢንተርኔት ገብተው ይዩ። የሚሰላው ብዙ ባገኙባቸው 35 ዓመታት ነው። እርስዎ የሠሩት 28 ነው። የቀረው 7 ዓመት በዜሮ ይገባል። የታክሲውንም ዘመን ልብ ይበሉ፤ ያኔ ለግብር አሳንሰው ያሳወቁት ገቢ ካለ ዛሬ ጡረታዎን ያሳንሰዋል። አባቴ ላይ ያየሁት ነው። በ62 ልውሰድ ካሉ ደግሞ በ67 ከሚያገኙት 30 በመቶ ይቀነሳል።

ፒትስበርግ ያለሁት፦
እዚህ 11 ዓመቴ ነው። ኑሮው ይሻላል። ሶሻል ሴኩሪቲም ሆነ ከ59 ዓመት ተኩል በኋላ የሚወጣ 401ኬ ላይ ፔንስልቬንያ የገቢ ግብር አትጠይቅም። የቤት ግብር ግን ሦስት ቦታ ነው፦ ለካውንቲው፣ ለከተማው፣ ለትምህርት ቤቱ።

ርካሽ ቤት አይተው እንዳይቸኩሉ። የኛ ቤት በ1920ዎቹ የተሠራ ነው። በገባን በሁለተኛው ክረምት ቤዝመንቱን ቆሻሻ ውሃ ሞላው። ለካ የፍሳሽ ቱቦው ሸክላ ነው፣ የዛፍ ሥር ገብቶበታል። ከመፈረምዎ በፊት ቱቦው ውስጥ ካሜራ ያስገቡ። ከሥሩ የድሮ የከሰል ማዕድን ያለበት ሰፈርም ብዙ ነው። መሬቱ ቢሰምጥ ተራው የቤት ኢንሹራንስ አይከፍልም፤ ስቴቱ ራሱ ለዚህ ብቻ የሚሸጠው ኢንሹራንስ አለ። ጉልበቴ ስላሉ ደግሞ ዳገቱን እንዳይረሱት። ካንተን አቬኑ የሚባለው መንገድ ተዳፋቱ 37 በመቶ ነው። እኔ በመኪናም አልወጣውም።

ሒሳብ ወዳዱ፦
ሥራ የሚለቁት 55 ከሞሉበት ዓመት ጀምሮ ከሆነ ከዚያው መሥሪያ ቤት 401ኬ ያለ 10 በመቶ ቅጣት ማውጣት ይቻላል። የፌዴራል ታክሱ ግን አለ። ቸኩለው ወደ አይአርኤ (በግል የሚከፈት የጡረታ ሒሳብ) ካዛወሩት 59 ዓመት ተኩል መጠበቅ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የጤና ኢንሹራንሱ ነው። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥቱ የጤና ኢንሹራንስ በ65 ነው፤ 9 ዓመት ይቀርዎታል! ኮብራ፣ ማለትም ሥራ ከለቀቁ በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ኢንሹራንስ ራስዎ እየከፈሉ መቀጠል፣ ብዙውን ጊዜ 18 ወር ነው፣ ዋጋውም ያስደነግጣል። ፔኒ ከሚባለው የስቴቱ የጤና ኢንሹራንስ ገበያ ሲገዙ ድጎማው የሚወሰነው በገቢዎ ነው። ከ401ኬ ያወጡት እንደ ገቢ ይቆጠራል፣ ባንክ ካጠራቀሙት ያወጡት አይቆጠርም።

ፒትስበርግ ያለሁት፦
ባለቤትዎ መሥራት ካላስጠላቸው እኮ ቀላል ነው። እዚህ ሆስፒታል ሞልቷል። በሳቸው ኢንሹራንስ ይገባሉ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማታ መዝገቡን ከፈትኩት። የታክሲውን ዓመታት ሳይ አፈርኩ። የኢንሹራንሱን ሐሳብ ለባለቤቴ ብነግራት «አንተ ቤት ቁጭ ብለህ ቡና ስትጠጣ እኔ በሽተኛ ላገላብጥ?» አለችኝ። እስከ 60 ልግፋበት መሰለኝ። ለማንኛውም ጥር ላይ ሄደን እናየዋለን፣ ዳገቱንም ከነበረዶው።