ጎረቤት ስለ እምነቴ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አብረውኝ ቡና የሚጠጡት አብዛኞቹ ጎረቤቶቼ ግን ሙስሊሞች ናቸው። «ለምን እንዲህ ታምኛለሽ?» ሲሉኝ አፌ ይተሳሰራል። ማስቀየምም መደበቅም አልፈልግም።

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ እህቴ፣ ዮሐንስ ምዕራፍ 9ን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ጌታን በቁጥር 11 «ሰው» ይለዋል፣ በ17 «ነቢይ»፣ በ38 ይሰግድለታል። የሥጋ ዓይኑ በሰሊሆም መጠመቂያ ታጥቦ በራ፤ የልቡ ዓይን ግን ሲጠየቅና ሲመሰክር ነው ይበልጥ የጠራው። በ25 ያላወቀውን «አላውቅም» ብሎ የሚያውቀውን አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። አንቺም እንደዚያው። ያልገባሽን በግምት ስትሞይ ነው ወሬው ክርክር የሚሆነው።

ሌላ መልስ (ሐይቅ)፦ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 መልሱ «በየዋህነትና በፍርሃት» ይሁን ይላል። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «እኛ እንዲህ እናምናለን» በይ፤ «እናንተ ግን» ብለሽ አትጀምሪ። ጾምን ከጾም አታወዳድሪ፤ ወሎ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንዱ ቤተሰብ ሁለቱንም እምነት ይዟል፣ ንቀት ያለበት ቃል ዘመድ ያቆስላል።

ጠያቂ፦ የማልችለውን ቢጠይቁኝስ?

መልስ (ሐይቅ)፦ «ጠይቄ እነግራችኋለሁ» በይና የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። በቀጣዩ ቡና ግን መልሱን ይዘሽ ሂጂ፤ ከቀረሽ ሽሽት ይመስላል።