ሚኔሶታ ያለውን የስፕሊት ሮክ የመብራት ማማ ያየ አለ? ለአባቴ ነው

የለገጣፎዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አባዬ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወንድሜ ጋ ሴንት ፖል ሊሄዱ ነው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበሩ። አሁን ለገጣፎ እኛ ጋ ሆነው ጎመናቸውን ይኮተኩታሉ፤ ብዙ ውኃ የሚያዩት ቦቴ ሲመጣ ብቻ ነው። ወንድሜ ታዲያ የዚህን ማማ ፎቶ ላከላቸው። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። «ሐይቅ ላይ የመርከብ መብራት ምን ይሠራል?» እያሉ ይከራከሩኛል፤ ዞር ስል ደግሞ ፎቶውን አጉልተው ያያሉ።

ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደረጃው ይከብዳል? ወንድሜ ኅዳር 1 (እዚያ ኖቬምበር 10) ካልወሰድኳቸው ብሎ ድርቅ ብሏል። በዚያ ብርድ ምን አስቸኮለው? እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ።

ሱሉልታ ተመላሽ

ወንድምሽ ልክ ነው፣ አትከራከሪው። እኔ እዚያ ከባድ መኪና ስነዳ ኖሬ አሁን ሱሉልታ ላም አረባለሁ። መንገዱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ከሴንት ፖል 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ማርቆስ እንደመሄድ በይው። ግን ዓባይ በረሃ የለበትም።

ለአባትሽ ጥያቄ መልሱ ይኸውልሽ። ማማው ያለበት ሱፒሪየር የሚባለው ሐይቅ 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣናን ከሃያ ጊዜ በላይ ይውጣል። የብረት ማዕድን የጫኑ ግዙፍ መርከቦች ይመላለሱበታል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1905 ማዕበል ተነስቶ ሠላሳ የሚጠጉ መርከቦችን ጎዳ። ባለ መርከቦቹ ጮኹ፣ ኮንግረሱ 75,000 ዶላር ፈቀደ፣ በ1910 መብራቱ በራ። ደግሞ እዚያ አካባቢ ያለው ድንጋይ ብረት ስላለበት ኮምፓስ ያሳስታል። ይሄን ንገሪያቸው፤ መርከበኛ ከሆኑ ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

ያኔ መንገድ አልነበረም። ጡቡም ሲሚንቶውም በጀልባ መጥቶ፣ በክሬን 40 ሜትር ገደል ላይ ተጎትቶ ነው የወጣው። ማማው ራሱ አጭር ነው፣ 16 ሜትር ገደማ። ቁመቱን ያዋሰው ገደሉ ነው።

እኔን የገረመኝ ሌንሱ ነው። ከፓሪስ የመጣ፣ ትልቅ፣ ብርጭቆው በብርጭቆ ላይ የተደረደረ። ያ ሁሉ ክብደት የሚንሳፈፈው በሜርኩሪ ላይ ስለሆነ ለማዞር ብዙ ጉልበት አይፈልግም። እንደ ድሮ ግድግዳ ሰዓት ክብደት ተንጠልጥሎለት ይዞራል። ጠባቂው በየሁለት ሰዓቱ እየተነሳ በእጁ ይጠመዝዘው ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ። በዚያ ላይ እስከ 1940 በላምባ ነበር የሚበራው። እኔ የሌሊት ሹፌር ነኝ ብዬ አማርር ነበር!

አሁን ስለ ኅዳር 1። ማማው በ1969 ከሥራ ወጥቷል፣ በአዘቦት ሌሊት ጨለማ ነው። ኖቬምበር 10 ቀን 1975 ግን ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ የሚባል መርከብ እዚያው ሐይቅ ላይ ሰጥሞ 29 ሰው አለቀ። በየዓመቱ በዚያ ቀን ስማቸው ይነበባል፣ ደወል ይደወላል፣ መብራቱ ይበራል። ከዚያ ሰው እየወጣ ያየዋል። በበጋ ብትሄጂ ሙዚየም ነው የምታይው። ያን ቀን ግን የሚሠራ መብራት ነው። ለባሕር ኃይል ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ነርስዋ ከሰበታ

ሱሉልታ፣ አፍህ ይጣፍጣል፤ ጉልበቱን ግን ዘለልከው። እኅቴ፣ ማማው ውስጥ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ከዚያ ወደ ሐይቁ የሚያወርደው ከመቶ በላይ ደረጃ ነው፤ እሱን ጨርሶ እንዳይሞክሩት። መውረዱ አይደለም ችግሩ፣ መመለሱ ነው። በኅዳር ፀሐይ እዚያ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፣ ንፋሱ ደግሞ ከሐይቁ ነው የሚመጣው።

እኔ ብሆን እዚያው ሐይቅ ዳር ወዳለችው የወደብ ከተማ፣ ዱሉዝ ነው የምወስዳቸው። ወደቡ መግቢያ ላይ ቦዩን ግራና ቀኝ ይዘው የቆሙ የመብራት ማማዎች አሉ። መሬቱ ሜዳ ነው። መርከብ ሲመጣ ድልድዩ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ይነሳል፣ መርከቡ አጠገብሽ ያልፋል። የሚሄድ መርከብ ነው እንግዲህ፣ የቆመ ማማ አይደለም።

ሱሉልታ ተመላሽ

ዱሉዝማ መንገድ ላይ ናት፤ ምሳ እዚያ ይብሉ። ስለ ደረጃው እውነቷን ነው፣ አልጣላትም። ማማው ውስጥ ያለው አጭር ነው፣ እጀታውን ይዘው ቀስ ይበሉ። ካቃታቸውም መብራቱ ከውጭ ነው የሚያምረው። ወንድምሽ ሰዓቱንና ትኬቱን ቀድሞ ይይ፣ ያን ቀን ሰው ይበዛል።

የለገጣፎዋ

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ ኮምፓሱ ሲሰሙ «አላልኩሽም?» አሉ፤ ምንም አላሉኝም ነበር። አሁን የሚጠይቁት መብራቱ በየስንት ሰከንድ እንደሚበራ ነው። እያንዳንዱ ማማ የራሱ ልክ አለው፣ መርከበኛ በጨለማ የት እንዳለ የሚያውቀው ቆጥሮ ነው ይላሉ። ጋቢዬን ይዤ እሄዳለሁም ብለዋል።

ሱሉልታ ተመላሽ

በየአሥር ሰከንዱ። ይቁጠሩት። ጋቢውን መኪና ውስጥ ይልበሱት፤ ገደሉ ላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ኮፍያና ጓንት ነው የሚያዋጣው። ወንድምሽ ከአሁኑ ይግዛ።