የልጆች ቤዝቦል፦ ክፍያውን ብንቀንስም ልጆቹ ለምን ይቀራሉ?

ሦስተኛ ቤዝ
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አሜሪካ ውስጥ የሊትል ሊግ (የልጆች ቤዝቦል ድርጅት) ቡድን ለምታደራጁ ነው፤ ዕድሜው ከ9 እስከ 12። የሊጋችን ቅጽ «መክፈል ለማይችል ቅናሽ አለ» ይላል፣ የሚጠይቅ ግን የለም። ከስደተኛና ከጥቁር ቤተሰብ የሚመጡት ልጆች ጥቂት ናቸው። የመጡትም ራይት ፊልድ (ኳስ እምብዛም የማይደርስበት የሜዳው ቀኝ ዳር) ላይ ቆመው ይውሉና ወቅቱ ሳይጋመስ ይጠፋሉ። ከየት ይጀመራል? ለ12 ልጅስ ምን ያህል ዕቃ ይበቃል?

መዝጋቢዋ
ከቅጹ ጀምሩ። ክፍያ ለመጫወት ቅድመ ሁኔታ መሆን እንደሌለበት የሊትል ሊግ ደንብ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ «ቅናሽ» ማለቱ ነገሩን ልመና ያስመስለዋል። በምትኩ ሦስት ምርጫ አስቀምጡ፦ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ዜሮ። ምክንያትም የገቢ ማስረጃም አትጠይቁ። ከዚያ አንዳችሁ ዜሮን መርጣችሁ ቅጹን እስከ መጨረሻው ሞክሩት፤ ዜሮ የመረጠውንም የካርድ ቁጥር ካላስገባህ አላሳልፍህም የሚል ቅጽ ሞልቷል።

ቀጥሎ የተደበቀውን ወጪ እዩ። የመክሰስ መሸጫው ላይ ተራውን ላልሠራ ወላጅ የማይመለስ የመያዣ ቼክ አለ? ማታ ማታ የሚሠራ ወላጅ ተራው ላይ ስለማይገኝ ገንዘቡ የሚቀርበት እሱ ነው። መያዣውን አንሱት፤ ወይም ከቤት ሆኖ የሚሠራ ነገር፣ ለምሳሌ ስልክ መደወል ወይም መተርጎም፣ በምትኩ ይቆጠርለት።

ሰነድም አለ። ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚኖር ቤተሰብ በስሙ የመብራት ቢል የለውም። ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት በሊጉ ወሰን ውስጥ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የሚፈርምበት የሊትል ሊግ ቅጽ የመኖሪያ ማስረጃውን ይተካል። ይህን የሚነግራቸው ሰው ግን የለም።

ይህን ሁሉ የምለው ደንብ ቀለም ሳይጠራም ስለሚያገልል ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ነጮቹ ቡድኖች ከቻርልስተኑ የካነን ስትሪት ጥቁር ልጆች ጋር አንጫወትም ብለው ወጡ። ልጆቹ በፎርፌ አለፉ። «በፎርፌ ያለፈ አይወዳደርም» ተብለው የፍጻሜው ውድድር ወደሚካሄድበት ዊሊያምስፖርት ሄደው የሌሎችን ጨዋታ ተመልክተው ተመለሱ።

ጓንት ጠጋኝ
ለ12 ልጅ፦ ሄልሜት 6 በተለያየ መጠን፤ ባት፣ ማለትም መምቻ ዱላ፣ 4 (27፣ 28፣ 29 እና 30 ኢንች)፤ አንድ ሙሉ የካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚቀልበው) ልብስ ከጉሮሮ መከላከያው ጋር፤ የካቸር ጓንት 1፤ ከ10.5 እስከ 11.5 ኢንች የሆነ ጓንት ደግሞ ለሌለው ሁሉ።

በልገሳ የሚመጣ ዕቃ ሁለት ቦታ ላይ ጣጣ ያመጣል። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከአንድ ወጥ እንጨት ያልተሠራ ባት የ«ዩኤስኤ ቤዝቦል» ማህተም ያስፈልገዋል። የድሮ ባት ወይም ለሌላ ውድድር የተሠራ ባት ይዞ የመጣን ልጅ ዳኛው ሰው ፊት ያስቀምጠዋል፣ ልጁ በማግስቱ አይመጣም። ከማደላችሁ በፊት እያንዳንዱን እያገላበጣችሁ እዩ። ሁለተኛ፣ የሚለገሰው ጓንት ግራ እጅ ላይ የሚጠለቅ ነው ማለት ይቻላል፤ በግራ የሚወረውር ልጅ ግን ቀኝ እጁ ላይ ያጠልቃል። ሁለት የግራኝ ጓንት አስቀድማችሁ ግዙ። የተሰነጠቀ ሄልሜት ይጣል፣ ቀለምም አትቀቡት።

ጫማ አታስገዙ። በዚህ ዕድሜ የብረት ጥርስ ክልክል ነው፤ የላስቲክ ጥርስ ያለው የእግር ኳስ ጫማ ይበቃል፣ ያንን ደግሞ ብዙዎቹ ቤታቸው አላቸው።

ዕቃውን ለሙሉ ወቅት አውሱ እንጂ ልምምድ ባለቀ ቁጥር አትሰብስቡ። ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚወረውርበት ጓንት የሌለው ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አይሻሻልም።

ስኮር ያዥ
የራይት ፊልዱን ነገር እኔ ልመልስ። የደንቡ ዝቅተኛ ግዴታ 6 አውት (ተቃራኒ ተጫዋች ከተራው እስኪወጣ) መከላከልና አንድ ጊዜ መምታት ነው፤ በአንድ ኢኒንግ (ዙር) 3 አውት ስላለ ይኸውም ከ6 ኢኒንግ ሁለቱ። አሰልጣኝ ወለሉን ጣሪያ ያደርገዋል። ሒሳቡን ሥሩት፦ 12 ልጅ፣ 9 ቦታ፣ በየኢኒንጉ 3 ይቀመጣሉ፤ በጨዋታው 18 መቀመጥ ማለት ነው። ስለዚህ ማንም ከሁለት በላይ አይቀመጥ፣ ሁሉም አንድ አንድ ሳይቀመጥ ማንም ሁለተኛ አይቀመጥ። የውስጥ ሜዳው 6 ቦታ ሲባዛ በ6 ኢኒንግ 36 ነው፤ ለ12 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 3 ይደርሳል። ሁሉም በተራ ይምቱ። ሠንጠረዡ ከጨዋታው በፊት ተጽፎ ዳገአውት (የተጫዋቾች መቀመጫ) ላይ ይለጠፍ፤ በቃል ከቀረ ሦስተኛው ኢኒንግ ላይ ይረሳል።

ኳስ መቀበል ገና ያልቻለን ልጅ ግን ፈርስት ቤዝ አታቁሙት፤ በኃይል የሚወረወር ኳስ ስለሚመጣበት አደጋ ነው። ሴከንድ ቤዝ ላይ ጀምሩት።

ሦስተኛ ቤዝ
አመሰግናለሁ። አሰልጣኞቹ «እንሸነፋለን» ይሉናል። ምን ልበላቸው?

ስኮር ያዥ
የውርወራ ገደቡን አሳዩአቸው። ለመቺ ኳስ የሚወረውር የ9–10 ዓመት ልጅ ገደቡ በቀን 75 ውርወራ፣ የ11–12 ዓመት 85 ነው፤ 66ና ከዚያ በላይ የወረወረ 4 ቀን ያርፋል። በሁለት ልጅ ብቻ ወቅቱ አይገፋም፣ ቢያንስ አምስት ፒቸር (ወርዋሪ) ማሠልጠን ግድ ይላቸዋል።

ድራፍቱንም፣ ማለትም አሰልጣኞች ልጆችን በተራ የሚመርጡበትን፣ አስተካክሉ። በሙከራው ቀን ልጆቹ ስም ሳይሆን ቁጥር ይለጥፉ፤ ነጥብ የሚሰጡት አሰልጣኝ ያልሆኑ ሦስት ሰዎች ይሁኑ። አንድ ቅዳሜ ብቻ አይበቃም፣ የሥራ ቀን ማታም ጨምሩ።

መዝጋቢዋ
አንድ ልጨምር። ከአንድ ሕንፃ የሚመጡትን ሁለት ሦስት ልጆች በድራፍቱ እንደ አንድ ምርጫ ቁጠሯቸው። ለየብቻ ከተበተኑ ሦስት መኪና ያስፈልጋል፤ አብረው ከሆኑ አንዱ ይበቃል። የልምምድ ሰዓት ሲቀየርም በኢሜይል ብቻ አታሳውቁ። ደውሉ፣ በቋንቋቸው።