ለመረጃ ሥርዓታችን የሥራ ፍሰት ሶፍትዌር በምን መለኪያ እንምረጥ?

ጥያቄ (ከማራኪ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው እዚሁ ጎንደር በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ነው። የሰው ሀብት፣ የፋይናንስና የንብረት መዝገቦችን በአንድ የመረጃ ሥርዓት ለማገናኘት ታቅዷል፤ የግዥ ጥያቄ ከጠያቂው ክፍል ተነሥቶ በበጀት ማረጋገጫ፣ በኃላፊ ፊርማና በግዥ ክፍል በኩል ንብረት ክፍል እስኪደርስ የሚመራውን ሶፍትዌር መምረጥ ደግሞ የእኛ ድርሻ ሆኗል። አቅራቢዎች የሚያሳዩን ሁሉ ያማረ በመሆኑ መለየት አልቻልንም። ከፋይናንስ ሥርዓቱ ጋር አብሮ የሚመጣው የፍሰት መሣሪያ ይበቃናል ወይስ ራሱን የቻለ ሶፍትዌር እንፈልግ?

መልስ (ከአዘዞ)

ጉዳዩ ከፋይናንስ ተነሥቶ እዚያው የሚያልቅ ቢሆን አብሮ የመጣው ይበቃ ነበር። የእርስዎ ጉዳይ ግን ክፍል እየተሻገረ የሚሄድ ስለሆነ፣ አንዲት የፊርማ እርከን ለመጨመር የፋይናንስ ሥርዓቱን አቅራቢ ደጅ መጥናት ውስጥ ይገባሉ።

ራሱን የቻለውን ሶፍትዌር ከመምረጥዎ በፊት ግን የትኛው መረጃ የት እንደሚቀመጥ ይወስኑ። የፍሰት ሶፍትዌሩ ሊይዝ የሚገባው ጉዳዩ በማን እጅ እንዳለ፣ ማን መቼ ምን እንደወሰነና ቀጣዩ ተረኛ ማን እንደሆነ ብቻ ነው። የበጀት ቀሪም ሆነ የዕቃ መጠን በየባለቤቱ መዝገብ ይቆይና በመለያ ቁጥር ይጠቀስ፤ ይህ ካልሆነ ሁለት የማይስማሙ የበጀት ቀሪዎች ይኖሩዎትና ግዥና ፋይናንስ ሲከራከሩ ይውላሉ።

ማሳያውንም በእርስዎ ጉዳይ ያሠሯቸው፦ ኃላፊው ባሕር ዳር ለስብሰባ ሄደው በተወካይ የተፈረመ፣ ፋይናንስ «ይስተካከል» ብሎ የመለሰው፣ በዚህ መካከል ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ የተዘጋበት አንድ የግዥ ጥያቄ። ሳይመለስ ሳይስተጓጎል የሚያልፈውን ጥያቄ ማንኛውም ሶፍትዌር ያስተናግደዋል።

መልስ (ከፒያሳ)

በዚህ ላይ የፈቃዱን ውል እጨምራለሁ። የፍሰቱ ሥዕል በቢፒኤምኤን 2.0 (የሥራ ፍሰትን በሥዕል ለመግለጽ በጋራ በሚሠራበት መስፈርት) መቀመጡን ይጠይቁ፤ ይህ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በ2013 የአይኤስኦ ደረጃ የሆነ ነው። ሥዕሉን ወደ ሌላ ሶፍትዌር መውሰድ ይቻላል፤ ፎርሞቹና ከሌሎች ሥርዓቶች ጋር የሚያገናኘው ኮድ ግን ባብዛኛው እንደገና ይሠራሉ፤ ስለዚህ «በቀላሉ ይዛወራል» የሚለውን የአቅራቢ ቃል በግማሹ ይቀበሉ።

ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) የሚለው ስምም ለዘለዓለም አይደለም። አክቲቪቲ ከሚባለው የሥራ ፍሰት ሶፍትዌር ተገንጥሎ የወጣው ካሙንዳ በነጻ ሲሠራበት ቆይቶ፣ ከ8.6 ዕትም ጀምሮ በራስ ሰርቨር ላይ ለመደበኛ ሥራ የሚከፈልበት ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያው ከአክቲቪቲ የወጣው የፍሎውብል ሞተር (ፍሰቱን የሚያስኬደው ክፍል) ግን ያለ ክፍያ ለመጠቀም በሚያስችለው የአፓቺ 2.0 ፈቃድ ይገኛል። በተጠቃሚ ብዛት በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ከሆነ፣ ከመፈራረም በፊት ፋይናንስ ክፍሉን ያነጋግሩ።

መልስ (ከአራዳ)

የቀን አቆጣጠሩን ማንም አላነሣውም። «በ5 የሥራ ቀን ይመለስ» የሚለውን ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ቀን ነው። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ሲውል፣ ጳጉሜ 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት 20 ላይ ይውላል፤ የኢድ በዓላት ደግሞ በየዓመቱ ይሸሻሉ። ስለዚህ የበዓላት ሰንጠረዡ የእርስዎ ሠራተኛ የሚያርመው ይሁን።

«ጸድቋል» የሚለውን ቁልፍ መጫንም በኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከተደነገገው ዲጂታል ፊርማ ጋር አንድ አይደለም። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ከመተውዎ በፊት የሕግ ክፍሉ አስተያየቱን በጽሑፍ ይስጥ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ የፋይናንስ ሥርዓቱ ከበላይ አካል የተሰጠን ሲሆን ኤፒአይ (ሌላ ሶፍትዌር መረጃ የሚለዋወጥበት መግቢያ) የለውም፤ የሚያወጣው ኤክሴል ብቻ ነው።

መልስ (ከአዘዞ)

እንዲያ ከሆነ የበጀት ማረጋገጫው በሰው የሚሠራ እርከን ሆኖ ይቆይ፤ የፋይናንስ ባለሙያው በራሳቸው ሥርዓት አይተው የማረጋገጫ ቁጥሩን ያስገቡ። አቅራቢው «በቀጥታ ዳታቤዙ ውስጥ እንጽፍላችኋለን» ቢል ግን አይፍቀዱለት፤ የበላይ አካሉ ሥርዓቱን ባሻሻለ ቁጥር ግንኙነቱ ሊበጠስ ይችላል፣ ሒሳቡ ቢዛባም ተጠያቂው የእርስዎ ክፍል ነው።