ለሌላ እምነት ተከታዮች መብት መሟገት የእኛ ድርሻ ነውን?

ጥያቄ፦
በእምነት ጉባኤያችን ውስጥ የሰብአዊ መብት ጉዳዮችን የሚከታተል አነስተኛ ኮሚቴ አለን። እስካሁን አቤቱታ የጻፍነው በሃይማኖታቸው ምክንያት በየአገሩ ለታሰሩ የእኛው እምነት ተከታዮች ብቻ ነበር። ሰሞኑን አንድ አባላችን፣ ከእኛ ሃይማኖት ጋር ዝምድና የሌለው ቁጥሩ አነስተኛ የሆነ ማኅበረሰብ የጸሎት ቤቱ ሲታሸግበትና የመቃብር ስፍራው ሲፈርስበት ዝም ማለታችን አግባብ እንዳልሆነ አነሡ። ገሚሱ ደገፋቸው፤ ገሚሱ ግን «የራሳችን ሰዎች ሳይፈቱ ለሌላው መጮህ ጉልበት መጨረስ ነው፤ ትምህርታቸውንም የተቀበልን ያስመስላል» ብሎ ተቃወመ። እናንተ ምን ትላላችሁ? የምንጀምር ከሆነስ ከየት እንጀምር?

ምላሽ 1፦
ለሁለተኛው ስጋት መልሱ አጭር ነው። የሰብአዊ መብቶች ሁሉን አቀፍ መግለጫ በአንቀጽ 18 የሚጠብቀው ሰውን እንጂ ትምህርትን አይደለም።

የመጀመሪያው ግን ሰፋ ያለ መልስ ይሻል። መግለጫው እ.ኤ.አ. በ1948 በተባበሩት መንግሥታት ሲመከርበት በእጅጉ ካከራከሩት ነጥቦች አንዱ ሃይማኖትን የመለወጥ መብት ነበር። ለዚህ መብት አጥብቀው የተሟገቱት ሊባኖሳዊው ክርስቲያን ቻርልስ ማሊክ ሲሆኑ፣ የሳዑዲ ዓረቢያ ልዑክ ተቃውሞ አሰሙ፤ የፓኪስታኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መሐመድ ዛፍሩላህ ኻን ግን የሻ ይመን፣ የሻ ይካድ የሚለውን የቁርኣን ቃል አንሥተው አንቀጹን ደገፉ። እኚህ ሰው ራሱን ሙስሊም የሚለው፣ ብዙ ሙስሊሞች ግን የማይቀበሉት የአሕመዲያ ማኅበረሰብ አባል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 የአገራቸው ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ አሕመዲዎች ሙስሊም አይደሉም ተባለ። ለሁሉም ብለው የደገፉት አንቀጽ የገዛ ወገኖቻቸው የሚማጸኑበት ሆነ ማለት ነው። ኮሚቴያችሁ «የራሳችን» እና «የሌላው» ብሎ ያሰመረው መስመር ይህን ያህል የማይጸና ነው።

ምላሽ 2፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ለራስ ሰዎች መጮህ ነውር እንደሌለበት ይታወቅልኝ። ለታሰረ ወንድሙ የማይጽፍ ማን ነው? በእኔ ግምት ከሁሉ የሚከብደው፣ የራስ ሃይማኖት ብዙኃኑ በያዘው አገር ለሚበደሉ ሰዎች መናገር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ማራካሽ (ሞሮኮ) ላይ የተሰበሰቡ የሙስሊም ሊቃውንት፣ ሙስሊሞች በሚበዙባቸው አገሮች የሚኖሩ አናሳ የሃይማኖት ማኅበረሰቦች መብት እንዲጠበቅ ያወጡት መግለጫ ክብደት የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ነቢዩ መሐመድ ከመዲና ነዋሪዎች ጋር ያደረጉትን ስምምነት፣ የመዲናን ቻርተር፣ መሠረት ያደረገ፣ ከራስ ቅርስ የተነሣ ክርክር እንጂ ከውጭ የመጣ ወቀሳ አልነበረምና። (መግለጫ ብቻውን የታሸገ በር እንደማይከፍት አልዘነጋሁም።)

ምላሽ 3፦
ከየት እንጀምር ላላችሁት፣ ከተበዳዮቹ ጀምሩ። እኛ በአንድ ወቅት የእስረኞችን ስምና ሰፈር የዘረዘረ ደብዳቤ አዘጋጅተን፣ ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው ከእናቶቻቸው አንዷን አገኘን። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው «የልጄን ስም አውጡልኝ፤ ታናሹ ገና ትምህርት ቤት ነው» አሉን። በቅን ልብ የጻፍነው አንድ መስመር በቀረው ልጅ ላይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አላሰብነውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ ፈቃድ የማንንም ስም አንጽፍም።

ኃላፊነቱ እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የሃይማኖት ወይም የእምነት ነፃነት ልዩ ራፖርተር (ጉዳዩን የሚከታተል ገለልተኛ ባለሙያ) ከግለሰብም ከማኅበርም ጥቆማ ይቀበላል፤ የተበዳዩ ፈቃድ መገኘቱንም ይጠይቃል። ስትጽፉ ቅጽሉን ቀንሱና ፍሬ ነገሩን አስቀድሙ፦ በሩ በየትኛው ቀን ታሸገ፣ ማን አሸገው፣ ምን ትእዛዝ አሳየ፣ የትኛውን ሕግ ጠቀሰ። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 18 ንዑስ 3 አምልኮን መገደብ የሚፈቅደው ገደቡ በሕግ ሲደነገግና የሕዝብን ደኅንነት፣ ሥርዓት፣ ጤና ወይም ሞራል ወይም የሌሎችን መሠረታዊ መብት ለመጠበቅ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ «የትኛው ሕግ?» የሚለው ጥያቄ ከአሥር የውግዘት ቃል ይበልጣል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን። ረቂቁን ከመላካችን በፊት ለማኅበረሰቡ ሽማግሌዎች ልናነብላቸው ወስነናል፤ የጸሎት ቤቱና የመቃብሩ ጉዳይ በአንድ ይጻፍ ወይስ ይለይ የሚለውንም እነርሱ ይነግሩናል። የእስረኞቻችን ደብዳቤም አይቋረጥም። አጥብቀው ከተቃወሙት አባላት አንዱ አብረውን ለመሄድ ፈቅደዋል፤ ሐሳባቸውን ግን ገና አልለወጡም።