«ጣሊያን ያለ ምክንያት አይቆፍርም»፦ የፉሪው ጉድጓድ ይደፈን ወይስ ይቆይ?

የሦስት ልጆች እናት፦ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ የሰማሁት እስካሁን አልበረደልኝም። አዲስ አበባ ዳር፣ ፉሪ ተራራ ሥር ያለው ጉድጓድ ይደፈን ለማለት ነበር የተሰበሰብነው። አንድ አዛውንት ተነስተው «የጣሊያን የወርቅ ጉድጓድ ነው፤ ለወጣቱ ይሰጥ እንጂ አይደፈንም» አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ክረምት በገባ ቁጥር እዚያ ውስጥ ውሃ ይሞላል። አምና የጎረቤቴን ልጅ በገመድ ነው ያወጡት። ተመስገን፣ ተርፏል። ዘንድሮስ?

የፉሪ ልጅ፦ እህቴ፣ የልጁ ነገር እኔንም ያመኛል። ግን አዛውንቱ ከመሬት ተነስተው አላወሩም። እኛም ስናድግ የሰማነው ይሄንኑ ነው። ጣሊያን ያለ ምክንያት አይቆፍርም።

አለት አጥኚ፦ ምክንያትማ ነበረው። ድንጋይ! ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. እዚህ ሀገር በቆየበት ጊዜ ብዙ መንገድ ሠርቷል። የጅማ መንገድ በዚሁ በኩል፣ በዓለም ገናና በሰበታ ነው የሚያልፈው። መንገድ ደግሞ ጠጠር ይበላል። ጉድጓዱ የድንጋይ ካባ ነው። አለቱ ከላይ ወደ ታች እየተፈለጠ እንደወረደ ግድግዳው ላይ ይታያል። ወርቅ የሚፈልግ ሰው የወርቁን ጅማት ተከትሎ ነው የሚገባው፣ ተራራውን እንዲህ በሰፊው አይገምሰውም።

የፉሪ ልጅ፦ አንተ በቦታው ነበርክ?

አለት አጥኚ፦ አልነበርኩም። አለቱ ግን ነበረ። ፉሪ፣ ወጨጫ፣ የረር፣ ሁሉም የጥንት እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ዕድሜያቸው ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ነው። እንጦጦ ይበልጣቸዋል፣ ወደ 22 ሚሊዮን ይጠጋል። የሀገራችን ዋናው ወርቅ ያለው ግን ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ በኖረ አለት ውስጥ ነው። ይህ አለት አዶላ፣ ወለጋ፣ ቤኒሻንጉልና ትግራይ ላይ ወጥቶ ይታያል። እዚህ ተሸፍኗል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ሽፋኑን በዓይኑ አይቶታል። ከላይ ጥቁሩ ባሳልት፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ከዚያ አሸዋ ድንጋይ። ወርቅ የሚይዘው አለት ከዚያ ሁሉ በታች ነው።

የፉሪ ልጅ፦ ያዙልኝ! «ተሸፍኗል» አለ። የለም አላለም።

ሰፈር ወዳድ፦ እኔም እዚያ ቃል ላይ ነው የቆምኩት። የተሸፈነ ነገር ይገለጣል።

አለት አጥኚ፦ ወንድሞቼ፣ ሽፋኑ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው እኮ የምላችሁ። በአካፋ ነው የምትገልጡት?

ሰፈር ወዳድ፦ እሺ፣ አንድ ጥያቄ። ወርቅን ከመሬት ሥር ይዞ የሚወጣ ሙቅ ውሃ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እዚሁ ከተማችን መሐል ፍልውሃ አለ። ተራሮቹ ደግሞ አንተው እንዳልከው እሳተ ገሞራ ናቸው። ታዲያ ለምንድነው በአንዴ «የለም» የምትለን?

አለት አጥኚ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አልሸሸውም። እሳተ ገሞራ ባለበትም ወርቅ ሊፈጠር ይችላል። አፋር ውስጥ በተንዳሆ በኩል በእንዲህ ዓይነት አለት ውስጥ ወርቅ ተፈልጓል። ግን ሙቅ ውሃ ያለፈበት አለት ምልክት ይተዋል። አለቱ ይነጣል፣ የዝገት መልክ ይይዛል፣ ነጭ የኳርትዝ ጅማት ይሞላዋል። የፉሪውን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ምልክት አላየሁም።

የፉሪ ልጅ፦ እኔ ግን አይቻለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ከዚያ ጉድጓድ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አንስቼ ለእናቴ ሰጥቻታለሁ። እስከ ዛሬ ቁምሳጥኗ ውስጥ አለ።

አለት አጥኚ፦ በመዶሻ ምታው። ወርቅ ከሆነ ይለጠጣል። ፓይራይት፣ ማለትም ወርቅ የሚመስለው የብረትና የድኝ ማዕድን ከሆነ ይደቃል፣ የድኝ ሽታም ይሸታል። የሚያብለጨልጭ ማዕድን ብዙ ነው።

የፉሪ ልጅ፦ እናቴ በስስት ያስቀመጠችውን በመዶሻ አልመታም።

የቀድሞ መምህር፦ ልጆቼ፣ እኔ በታሪክ በኩል አንድ ነገር ልበል። አጼ ምኒልክ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት ወጨጫ ላይ ከትመው ነበር፣ ከዚያ እንጦጦ ላይ። እነዚህን ተራሮች ሠራዊቱ እግር በእግር ያውቃቸዋል። ወርቁ ግን በወቄት እየተመዘነ ከወለጋና ከቤኒሻንጉል ነበር የሚመጣው። ፉሪ ላይ ቢኖር ያን ሁሉ መንገድ ምን አመጣው? ጣሊያንም ቢሆን ወርቅና ፕላቲነም ወዴት እንዳለ አላጣውም። ወለጋ ውስጥ ዩብዶ ላይ ፕላቲነም መውጣት የጀመረው እሱ ሀገሪቱን ከመውረሩ በፊት ነው።

ሰፈር ወዳድ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሁልጊዜ ወደ እኛ ሰፈር ሲደርስ ነው «ምንም የለም» የሚባለው። ድንጋዩን ወስደው ሲጨርሱ ጉድጓዱን ጥለውልን ሄዱ። አሁን ጉድጓዱም የእናንተ አይደለም ልንባል ነው?

የሻኪሶ ልጅ፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ያደግኩት ሻኪሶ ነው። ወንድሞቼ ደለል ቆፍረው፣ በገበቴ አጥበው ነው ያስተማሩኝ። ወርቅን አልንቅም፣ እንጀራዬ ነበር። ግን «ለወጣቱ ይሰጥ» ሲባል ሆዴ ይላወሳል። ዝናብ የጠጣ ጉድጓድ ሳይታሰብ ነው የሚናደው። ጓደኛዬን እንደዚያ ነው ያጣሁት። ትልቁ ማዕድንም ቢሆን ያለ ጣጣ አልመጣም። እዚያው እኛ ጋ ያለው የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃዱ በ2010 ዓ.ም. የታገደው ሕዝቡ «ተበከልን» ብሎ አደባባይ ስለወጣ ነው። ወርቅ ያለበት ሀገር እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ወርቅ በሌለበት ጉድጓድ ልጅ ለምን ይገበራል?

የፉሪ ልጅ፦ ለጓደኛህ ነፍስ ይማር። ግን «ወርቅ በሌለበት» ያልከው ገና አልተረጋገጠም።

የሻኪሶ ልጅ፦ ከወንድሞቼ አንዱን አምጥቼ በገበቴ ላጥብልህ? ከጉድጓዱ ሥር ካለው ጅረት አንድ ቀን ሙሉ እናጥባለን። በአካባቢው ወርቅ ካለ ደለሉ ቅንጣት አያጣም።

አለት አጥኚ፦ ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔም እመጣለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፦ ወርቅ ኖረ አልኖረ፣ ጉድጓዱ ያው ጥልቅ ነው! ይህንን እኮ ነው ከቅዳሜ ጀምሮ የምለው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 የቆፈረ ሰው መሬቱን መልሶ እንዲያስተካክል ያስገድዳል። ካባም ማዕድን ነው። ያ አዋጅ ሳይኖር የተቆፈረውን ደግሞ ማን ይድፈነው? ጣሊያንን እንጥራው? እኛው ነን ያለነው።

ሰፈር ወዳድ፦ ይደፈን ከተባለ መጀመሪያ በባለሙያ ይመርመር። ከተደፈነ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

የቀድሞ መምህር፦ ምርመራው እስኪያልቅ ስንት ክረምት ያልፋል ልጄ?

ሰፈር ወዳድ፦ ስንትም ይለፍ ጋሼ። አንዴ የተደፈነ አይመለስም።

የሦስት ልጆች እናት፦ ዝናቡ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። እሑድ ጠዋት ዙሪያውን እሾህ አጥር እናጥራለን። ግንድ እኔ ገዝቼ አመጣለሁ። ማን ይመጣል?

የሻኪሶ ልጅ፦ አለሁ። መቆፈሪያም አለኝ።

አለት አጥኚ፦ እኔም።

የፉሪ ልጅ፦ እሾሁን እኔ አመጣለሁ። ግን ይደፈን አላልኩም።