አስቸኳይ! አኳሪየሜን ከውጭ ቀባሁት፣ ዓሣዎቼ እየታፈኑ ነው

አዲስ ዓሣ አርቢ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! የአኳሪየሙን የኋላ መስታወት ከውጭ በኩል በጥቁር ስፕሬይ ቀባሁት። ሁለት ሰዓት እንኳ አልሆነውም። አሁን ወርቃማ ዓሣዎቼ በሙሉ ውኃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አንዷ በጎኗ ተኝታለች። የአኳሪየሙን አፍ በላስቲክ ሸፍኜው ነበር፣ ጠብታ ቀለም አልገባበትም። ምን ላድርግ?

የጨው ባሕር፦ ጾም ላይ ነን፣ መጥበሻውን አሙቀው 😂

የሰባት ዓሣ እናት፦ ልጁ ጨንቆታል፣ ተው እንጂ። ወንድሜ፣ ውኃውን በሙሉ ድፋና በአዲስ ቀይረው።

ቀለም ቀቢው፦ ልጄ፣ ስፕሬይ ቤት ውስጥ አይነፋም። መስታወት የሚቀባው ባዶውን ነው፣ ዓሣ ሳይገባበት። መጀመሪያ በአልኮል ይጠረጋል። የእጅ ቅባት ካለበት ቀለሙ እንደ ልጣጭ ይነሳል። ዳር ዳሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል። ከዚያ በውኃ የሚቀጥን የግድግዳ ቀለም፣ በትንሽ ሮለር፣ ስስ ስስ አድርጎ ሦስት አራት ጊዜ። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደገምም። ሽታውም ቀላል ነው።

ቦሌ ልጅ፦ ቀለም ግን ለምን አስፈለገ? ጥቁር ካርቶን ከኋላ ለጥፎ መገላገል ነው። ሲሰለችህ ትቀይረዋለህ።

ሐይቅ ዳር፦ አንድ ነገር አልነገርከንም። የአየር ፓምፑ የት ነው? ስትቀባ እየሠራ ነበር?

አዲስ ዓሣ አርቢ፦ አዎ፣ እየሠራ ነበር። እዛው ከኋላ መሬት ላይ ነው። አቧራ እንዳይገባ በሩንም መስኮቱንም ዘግቼ ነው የቀባሁት። ለምን?

ሐይቅ ዳር፦ ችግሩ እሱ ነው! ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ውኃው ውስጥ ይነፋዋል። የቀለሙን ትነት እስካሁን ሲያስገባላቸው ነበር። አሁኑኑ ፓምፑን ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጣው፣ ቱቦውን አስረዝመው። እንዳታጠፋው ግን! መስኮቱን ክፈት፣ ላስቲኩንም አንሳ። አኳሪየሙ ስንት ሊትር ነው?

አዲስ ዓሣ አርቢ፦ 100 በ40 በ40 ሳንቲ። የቧንቧ ውኃን ክሎሪን የሚያጠፋው ጸረ ክሎሪን የለኝም።

ሐይቅ ዳር፦ 160 ሊትር ገደማ ነው። ሩቡን ቀይር፣ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ማለት ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በበርሜል ያጠራቀምከው አይጠፋም። ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ ከሆነ ክሎሪኑ በአብዛኛው ተንኗል። ቅዝቃዜው ከአኳሪየሙ ጋር ይቀራረብ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ድገመው። ኬሚካል የሚመጥ የማጣሪያ ካርቦን ካገኘህ ማጣሪያው ውስጥ ጨምርበት፣ የማድቤት ከሰል ግን አይሆንም።

የሰባት ዓሣ እናት፦ እኔ አሁንም በሙሉ ይቀየር ነው የምለው።

ሐይቅ ዳር፦ እህቴ፣ የተዳከመ ዓሣ በአንዴ አዲስ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሌላ ድንጋጤ ነው። ማጣሪያውንም አትጠብ፣ ቆሻሻቸውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች እዛ ናቸው።

አዲስ ዓሣ አርቢ፦ ፓምፑን በረንዳ ላይ አወጣሁት። አንድ ጀሪካን ቀይሬያለሁ። ሁለቱ ወደ ታች ወርደዋል! በጎኗ የተኛችው ግን እንደዛው ናት። ሁለተኛውን ልቅዳ።

ጀማሪ ነኝ፦ የኔም የኋላው ቀለም ተልጦ አስጠላኝ። በቲነር ላንሳው?

ቀለም ቀቢው፦ ቲነር አታስጠጋው፣ ማጣበቂያውን ሲሊኮን ሊጎዳው ይችላል። መስታወቱን በሳሙና ውኃ አርሰህ በምላጭ ጋደም አድርገህ ፋቀው። ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ ቀስ በል፣ ሲሊኮኑን ከቆረጥከው ያፈስሳል።